ቀጣዩን ቲቪ ቦክስ ከመግዛትዎ በፊት ምን ይፈትሹ?

አብዛኛው ገዢ ቲቪ ቦክስ የሚመርጠው ካርቶኑን አይቶ ነው። ካርቶኑ ላይ ደግሞ በትልልቁ የሚታተመው «8ኬ»፣ «16 ጊጋ ራም»፣ «አዲሱ አንድሮይድ» የሚል ነው። ፊልሙ ጥርት ብሎ እንዲታይ ወይም በየደቂቃው እንዲቆም የሚያደርጉት ነገሮች ግን እዚያ ላይ አይጻፉም። ቦክሱ የትኛውን የቪዲዮ ኮዴክ (ቪዲዮ የሚጨመቅበትን ዘዴ) በራሱ ቺፕ ይፈታል? የቅጂ መብት ጥበቃ ደረጃው ስንት ነው? የፊልሙን የፍሬም ብዛት (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ቁጥር) ከቴሌቪዥኑ ጋር ያስማማል? አምራቹስ ለስንት ዓመት አፕዴት ይልክለታል? ከአዲስ ቦክስ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። አብዛኛውንም ብሩን ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። (ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቦክሱ በፊት ቤትዎን ይለኩ

መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ይመልከቱ። ቴሌቪዥኑ 1080ፒ ከሆነ 4ኬ የሚያወጣ ቦክስ ምስሉ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚጠቅመው ራሙ ወይም ማከማቻው የተሻለ ከሆነ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ 4ኬ ከሆነ ደግሞ የትኛው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ 4ኬን እንደሚቀበል ይለዩ። ቀደም ባሉት 4ኬ ቴሌቪዥኖች ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለው የቅጂ መብት ጥበቃ የሚገኘው በአንዱ ወይም በሁለቱ መሰኪያ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቦክሱን በሌላኛው ከሰኩት ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ወደ 1080ፒ ይወርዳሉ፣ አለዚያም ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ቦክሱ የተበላሸ ይመስላል፤ ችግሩ ግን ከመሰኪያው ነው። በመሃል ያለ የድሮ ኤችዲኤምአይ ማከፋፈያም ይህንኑ ያደርጋል።

ትክክለኛው መሰኪያ ተገኝቶም ቀለሙ ደብዝዞ ከታየ ከቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የተሻሻለውን የሲግናል አማራጭ ያብሩ። ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ «አልትራ ኤችዲ ዲፕ ከለር»፣ ሶኒ «ኢንሃንስድ ፎርማት» ይሉታል። ኬብሉ 18 ጊጋ ቢት በሰከንድ የሚያሳልፍ፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል ምልክት ያለው ቢሆን ለ4ኬ በ60 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ) ይበቃል። አልፎ አልፎ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ምስል ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

ኢንተርኔቱን ደግሞ ቦክሱ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ሰው በሚበዛበት የማታ ሰዓት ይለኩ። ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይጠይቃል፤ ዩቱዩብ ለ4ኬ 20 ይላል። መስመሩ ቋሚ 8 ሜጋ ቢት ከሆነ የትኛውም ቦክስ 4ኬ አያሳይዎትም፤ ብሩን ለኢንተርኔቱ ጥቅል ቢያውሉት ይሻላል።

በዳታ ጥቅል የሚያዩ ከሆነ ሂሳቡ እንዲህ ነው። ኔትፍሊክስ በሰዓት በተራ ጥራት እስከ 1 ጊጋ ባይት፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7 ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያይ ቤት በወር በኤችዲ 180፣ በ4ኬ 420 ጊጋ ባይት ይፈጃል ማለት ነው። በኔትፍሊክስ አካውንት ውስጥ የማጫወቻ ሴቲንጉን «ሚዲየም» ላይ ቢያደርጉት በሰዓት ወደ 0.7 ጊጋ ባይት ይወርዳል። ለሌሎቹ አፖች ቀላሉ መንገድ የቦክሱን የምስል መጠን 1080ፒ ወይም 720ፒ ላይ ማሰር ነው፤ ብዙዎቹ አፖች ከስክሪኑ በላይ የሆነ ጥራት አይጠሩም።

ፈቃድ ያለው ቦክስ እና የሌለው

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። «አንድሮይድ ቦክስ» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉግል የፈቀደው አንድሮይድ ቲቪ ወይም ጉግል ቲቪ ነው፤ በሪሞት እንዲሠራ የተዘጋጀና አፖቹም ለቴሌቪዥን የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛው የስልክ አንድሮይድ ተወስዶ በቦክስ ውስጥ የተጫነበት ነው። ይህኛው ማውዝ ካልተሰካለት አይመችም፤ የሚያሳየው ኔትፍሊክስም የስልኩ ነው፣ ጥራቱም ይወርዳል።

ጥራቱ የሚወርደው ዋይድቫይን በሚባለው የቅጂ መብት ጥበቃ ምክንያት ነው። ኤል1 ደረጃ ያለው ዕቃ ቪዲዮውን የሚፈታው ከሌላው ሶፍትዌር በተለየ የተጠበቀ የቺፕ ክፍል ውስጥ ነው፤ ኤል3 ግን በሶፍትዌር ብቻ ነው። ኔትፍሊክስ ለኤል3 የሚልከው 480ፒ ገደማ ነው። 4ኬ ቴሌቪዥን፣ 4ኬ ቦክስና ፈጣን ኢንተርኔት እያለ ምስሉ የደበዘዘበት ቤት ቢኖር መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ። ከፕሌይ ስቶር «ዲአርኤም ኢንፎ» የሚለውን አፕ አውርደው ሲከፍቱ ዋይድቫይን ሥር የጥበቃ ደረጃው ይጻፋል። ኤል3 ካለ ወደ ሌላ ቦክስ ይሂዱ። ኤል1 ቢሆንም አይበቃም፤ ኔትፍሊክስ ከአምራቾች ጋር የራሱ ፈቃድ ስላለው ኤል1 ኖሮት ኔትፍሊክስን በኤችዲ የማያሳይ ቦክስ አለ። ኔትፍሊክስ ውስጥ «ቴስት ፓተርንስ» ብለው ቢፈልጉ በዚያ ሰዓት የሚመጣውን የምስል መጠንና ፍጥነት የሚያሳይ ቪዲዮ ያገኛሉ። በነጋዴው ቃል ፋንታ እሱን ይመኑ።

ሌላው አደጋ ቫይረስ ነው። በጥር 2023 አንድ የደኅንነት ባለሙያ ቲ95 በሚባል ርካሽ ቦክስ ውስጥ ከመጀመሪያው የተጫነ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር አገኘ። በሰኔ 2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው የተጠለፉ ዕቃዎች መረብ ሕዝቡን አስጠነቀቀ፤ ከነዚህ ዕቃዎች መካከል ቲቪ ቦክሶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ቦክስ ፊልሙን በደንብ ሊያሳይ ይችላል። በጎን ግን የቤትዎን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው መሸጋገሪያ ያደርጋል፤ በእርስዎ አድራሻ ሌላ ሰው ወንጀል ሊሠራበት ይችላል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው፦ ፕሌይ ፕሮቴክትን (የጉግልን የአፕ ደኅንነት መፈተሻ) አጥፉ ይላል፣ ከፕሌይ ስቶር ሌላ የማይታወቅ የአፕ ገበያ ተጭኖበታል፣ «ሁሉም ቻናል በነጻ» ተብሎ ይሸጣል፣ የአምራቹ ስም የትም አይገኝም። ለማረጋገጥ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ «አባውት» ይግቡ። «ሰርቲፋይድ» የሚል ካልተጻፈ የባንክ ወይም የኢሜይል አካውንት የሚያስገቡበት ዕቃ አይደለም።

ኮዴክ

ቪዲዮ በኢንተርኔት የሚላከው ተጨምቆ ነው፤ የሚጨመቅበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። ኤች264 የ2003፣ ኤችኢቪሲ የ2013፣ ኤቪ1 የ2018 ሥራ ናቸው። ኤቪ1 ለተመሳሳይ ጥራት ከኤችኢቪሲና ከጉግሉ ኮዴክ ከቪፒ9 ያነሰ ዳታ ይጠይቃል፤ ዩቱዩብም ኔትፍሊክስም ይጠቀሙበታል። መስመሩ ጠባብ ለሆነ ወይም ዳታ ለሚገዛ ሰው ይህ ከ4ኬ በላይ የሚጠቅም ነገር ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ዋናው ነገር ቺፑ ራሱ ኤቪ1ን መፍታት መቻሉ ነው። በሶፍትዌር ብቻ የሚፈታ ቦክስ ይግላል፣ ፍሬም ይዘላል። የሚገርመው ውድ መሆን እዚህ ዋስትና አለመሆኑ ነው፦ የ2019ኙ ኤንቪዲያ ሺልድ ፕሮም የ2022ቱ አፕል ቲቪ 4ኬም ቺፓቸው ኤቪ1 አይፈታም። በ2024 የወጣው የጉግል ቲቪ ስትሪመር ግን ይፈታል። የ2020ው 4ኬ ክሮምካስት አይፈታም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ርካሹ የኤችዲ ክሮምካስት ግን ይፈታል። ስለዚህ በስምና በዋጋ አይምረጡ፤ ይሞክሩት። ዩቱዩብ ላይ አንድ 4ኬ ቪዲዮ ከፍተው በማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ያብሩ። በኮዴክ መስመር ላይ ኤቪ01 ካለ ኤቪ1 እየመጣ ነው፤ ቪፒ09 ካለ ቪፒ9፣ ኤቪሲ1 ካለ የድሮው ኤች264 ነው። ዩቱዩብ ሁሉንም ቪዲዮ በኤቪ1 ስለማያቀርብ ሁለት ሦስት ታዋቂ ቪዲዮ ይሞክሩ። እዚያው የተዘለሉ ፍሬሞች ቁጥር አለ፤ ቪዲዮው ሲጀምር ጥቂት መዝለሉ ያለ ነው፣ እያየነው ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ግን ቦክሱ አልቻለም።

ራም፣ ማከማቻና አፕዴት

ለ4ኬ ቦክስ 2 ጊጋ ባይት ራም ዝቅተኛው ነው፤ 3 ወይም 4 ቢሆን ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው ሲሄዱ የነበረው አይዘጋብዎትም። በማከማቻ በኩል 8 ጊጋ ባይት አይግዙ። ከሱ ላይ ሲስተሙ ግማሽ ያህሉን ስለሚወስድ በጥቂት ወራት ውስጥ «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል፤ አፖቹ አፕዴት ማድረግ ያቅታቸውና ቦክሱ ይንቀራፈፋል። 16 ይበቃል፣ 32 ያዝናናል። በፈቃድ የለሽ ቦክሶች ላይ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ቁጥር ራሱ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ቦክሱ ነጻ ነው ከሚለው ቦታ ጥቂት ያነሰ ፋይል ከፍላሽ ወደ ቦክሱ ገልብጦ መልሶ መክፈት ነው፤ የውሸት ማከማቻ መሃል ላይ ይቆማል ወይም ፋይሉን ያበላሻል። (ፍላሹ በፋት32 ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቁርጥራጭ ፋይሎች ይጠቀሙ።)

አፕዴት የሚባለው ለደኅንነትም ለአፖቹ ዕድሜም ነው። መለኪያ የሚሆነን ኤንቪዲያ ነው፦ በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ሺልድ በ2022 አንድሮይድ 11 ደርሶታል፣ ሰባት ዓመት ማለት ነው። የሚገዙት ቦክስ ያለፈው ሞዴል ለስንት ዓመት አፕዴት እንዳገኘ ይጠይቁ፤ ያለፈ ታሪክ ከሌለው አምራች ተስፋ መግዛት አይገባም። ከአፕ መደብሩ ውጭ በፍላሽ አፕ መጫን ከለመዱም ልብ ይበሉ፦ አማዞን በ2025 ያወጣው ፋየር ቲቪ ስቲክ 4ኬ ሴሌክት በአንድሮይድ ሳይሆን ቬጋ በሚባል የራሱ ሲስተም ስለሚሠራ የአንድሮይድ አፕ ፋይል አይቀበልም።

የፍሬም ብዛት፦ የአገር ቤት ዜና ለምን ይንገጫገጫል?

ውጭ አገር ላለ ኢትዮጵያዊ ይህ ክፍል ከሁሉም ይልቅ ይጠቅመዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንደ አውሮፓና እንደ አብዛኛው አፍሪካ በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም ያሰራጫሉ። ፊልም 24 ነው። የአሜሪካ ሥርጭት 30 ወይም 60 ነው። ቦክሱ ሁልጊዜ በ60 ኸርዝ የሚያወጣ ከሆነ 50 ፍሬም ወደ 60 እንዲገባ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። ውጤቱን ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ያዩታል፤ በእኩል ፍጥነት መፍሰስ ሲገባው እየተንገጫገጨ ያልፋል። እግር ኳስ ላይ ካሜራው ሜዳውን ሲከተልም እንዲሁ። ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ የኔትወርክ ችግር ግን ምስሉን ያቆመዋል ወይም ያደበዝዘዋል እንጂ በእኩል ልዩነት አያንገጫግጨውም።

መፍትሔው ቦክሱ የፍሬም ብዛቱን እንዲያስማማ ማድረግ ነው። በአፕል ቲቪ ላይ ሴቲንግ፣ «ቪዲዮ ኤንድ ኦዲዮ»፣ «ማች ኮንተንት» ገብተው እዚያ ያሉትን ሁለት አማራጮች (የቀለም ክልሉንና የፍሬም ብዛቱን) ያብሩ፤ ዋናውን ፎርማት ደግሞ 4ኬ ኤስዲአር (ተራው የቀለምና የብርሃን ክልል) ላይ ያድርጉት፤ አለዚያ ተራው ቪዲዮ ሁሉ በግድ ኤችዲአር (ሰፊው የቀለምና የብርሃን ክልል) ሆኖ ቀለሙ ይዛባል። በፋየር ቲቪ የማሳያ ሴቲንግ ውስጥ «ማች ኦሪጂናል ፍሬም ሬት» አለ። በጉግል ቲቪም «ማች ኮንተንት ፍሬም ሬት» የሚል ያገኛሉ።

ችግሩ ሴቲንጉ ቢበራም አፑ ራሱ ካልተባበረ ምንም አይለወጥም፤ ብዙ አፖች አይተባበሩም። ያኔ በእጅ ይቀይሩት። ወደ ማሳያ ሴቲንግ ገብተው የምስል መጠኑን ከ60 ኸርዝ ወደ 50 ኸርዝ ያድርጉ። አንዳንድ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን 50 ኸርዝ ላይቀበል ይችላል፤ ስክሪኑ ቢጠፋ ምንም ሳይነኩ ይጠብቁ፣ ቦክሱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። 50 ላይ አድርገው የአሜሪካ ቪዲዮ ሲያዩ መንገጫገጩ ተገልብጦ ይመጣል፤ ስለዚህ ቤቱ በብዛት ወደሚያየው ያድሉ። ቀጣዩ ትውልድ ይህን ለተጠቃሚው ሳይተው በሲስተሙ በኩል ለሁሉም አፕ ቢሠራው ከየትኛውም «8ኬ» የሚበልጥ ሥራ ነው።

ኬብል፣ ዋይፋይና ዩኤስቢ

ቦክሱ ከራውተሩ አጠገብ ከሆነ በኬብል ያገናኙት፤ ሌላ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 100 ሜጋ ቢት የሆነው የኬብል መሰኪያ ለማንኛውም የኢንተርኔት ፊልም ይተርፋል። ጊጋ ቢት የሚያስፈልገው ከቤት ሃርድ ዲስክ ወይም ሰርቨር ላይ ትልልቅ የ4ኬ ፋይል ለሚያይ ሰው ነው፤ የ4ኬ ብሉሬይ ፍጥነት እስከ 128 ሜጋ ቢት ሊደርስ ይችላል። በዋይፋይ ከሆነ 5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ያገናኙ፤ ግድግዳ ከበዛ ግን 2.4 ሩቅ ይደርሳል። ስቲክ (በቀጥታ ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቦክስ) ከሆነ አብሮት የሚመጣውን አጭር የኤችዲኤምአይ መቀጠያ አይጣሉት፤ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካለው ብረት አርቆት ሲግናሉን ያሻሽላል። ሃርድ ዲስክ የሚሰኩ ከሆነ የራሱ ኮረንቲ ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ይጨምሩ፤ ቦክሱ ዲስኩን ማዞር ሲያቅተው ዲስኩ ጠቅ ጠቅ እያለ ይገናኛል ይቋረጣል።

የግዕዝ ፊደል

ዩቱዩብ ከፍተው የአማርኛ ርዕስ ያለው ቪዲዮ ይፈልጉ። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ካሬዎች ከታዩ ሲስተሙ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም። በፋብሪካ ፎንት የተቀነሰበት ቦክስ ላይ ይህ ያጋጥማል፣ ማስተካከሉም ለተራ ተጠቃሚ ከባድ ነው። በፍላሽ የሚያዩት የአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ ብቻ ከተበላሸ ግን ጥፋቱ ከፋይሉ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው በዩቲኤፍ 8 (የግዕዝን ፊደል በሚይዝ የጽሑፍ ፎርማት) መልሰው ያስቀምጡት። በሪሞት አማርኛ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ የስልክዎን ዩቱዩብ ቴሌቪዥኑ ላይ በሚታየው ኮድ ያገናኙና ከስልኩ ይፈልጉ። የሪሞቱ ማይክሮፎን አማርኛ እንደሚገባው ከተነገረዎትም እዚያው ሱቁ ውስጥ ይናገሩበትና ይዩ።

ኮረንቲ

ስቲክን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ አይሰኩ። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው፤ የክሮምካስት የራሱ ቻርጀር ግን 5 ቮልት 1.5 አምፔር ነው። ምናሌው ላይ እያሉ ደህና ሆኖ 4ኬ ሲጀምር የሚጠፋና የሚነሳ ስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ኮረንቲ አንሶት ነው።

ከአሜሪካ የሚላክ ቦክስ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል መኖሩን ያንብቡ፤ ካለ ለ220 ቮልት የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል። አፕል ቲቪ ትራንስፎርመሩ በውስጡ ስለሆነ ባለ ሁለት ቀዳዳውን የኮረንቲ ገመድ መቀየር በቂ ነው። 12 ቮልት የሚጠቀም ቦክስ ቻርጀር ሲተኩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሲስተም አፕዴት ሲጀምር መብራት ከጠፋ ቦክሱ ዳግም ላይነሳ ስለሚችል አውቶማቲክ አፕዴቱን አጥፍተው መብራቱ በሚጸናበት ሰዓት በእጅ ያድርጉት። ለራውተር የሚሸጡት ትናንሽ የባትሪ መጠባበቂያዎች ቮልታቸው ከገጠመ ለቦክሱም ይሠራሉ።

ሱቅ ውስጥ

ከስልክዎ ሆትስፖት ከፍተው ቦክሱን ያስነሱ። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ሰርተፍኬቱን፣ በዲአርኤም ኢንፎ ኤል1ን፣ በሴቲንግ ነጻውን ማከማቻ፣ በዩቱዩብ ኮዴኩንና የግዕዝ ፊደሉን ይዩ። ከዚያ 4ኬ ቪዲዮ በ60 ፍሬም ለግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ዳታ ስለሚበላ የሱቁን ዋይፋይ ይጠይቁ። ደህና ጀምሮ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፍሬም መዝለል የሚጀምር ቦክስ ግሎ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው፤ ቤት ውስጥ ዲኮደር ላይ ሲደረደር ይብሳል። በመጨረሻ ከሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ ሪሞቱ ያለ አዲስ ማጣመር ወዲያው ሊሠራ ይገባል።

መግዛት ወይስ መጠበቅ?

የሺልድን መሰኪያዎች፣ የጉግል ስትሪመርን ኤቪ1 እና የአፕልን ንጹሕ የመነሻ ገጽ በአንድ የያዘ ቦክስ ብንፈልግ ከሦስቱ አንዱም ብቻውን አያሟላልንም። ዳታ የሚቆጥር ቤት ኤቪ1 የሚፈታ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ፈቃድ ያለው የጉግል ቲቪ ቦክስ አሁኑኑ ቢገዛ አይጸጸትም። ትልልቅ ፋይል ከሰርቨር የሚያይና ድምፁን ሳይቀየር ወደ አምፕሊፋየር የሚያወጣ ሰው እስካሁን ሺልድን የሚተካ በቀላሉ አያገኝም፤ ኤቪ1 ካስፈለገው ግን ይጠብቅ። በቤትዎ ያለው ቦክስ ኤል1 ካለው፣ አፕዴት ካላቋረጠና ፍሬም ካልዘለለ አዲሱን አይግዙ፤ የጎደለው ማከማቻ ብቻ ከሆነ የማይጠቀሙባቸውን አፖች ማጥፋት ወይም ሲስተሙ ከፈቀደ 32 ጊጋ ባይት ፍላሽ እንደ ውስጥ ማከማቻ ማዘጋጀት ችግሩን ይፈታዋል።